ሥዕሉ ከመሰቀሉ በፊት

ባለፈው እትም የፈተና ሰሞን እንቅልፍን በተመለከተ ጽፌ ነበር። ዛሬ የማቀርብላችሁ ትምህርት ከነርስነት የራቀ ይመስላል። የአገር ሠዓሊ ሥራ በገጠር ሎጅ ወይም ሪዞርት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ምን ማሟላት ያስፈልጋል? እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ግን ከሙያችን ጋር የሚገናኝበትን ታዩታላችሁ። በዚህ ዓመት ከተማርኩት ነገር ሁሉ በእንባ የተማርኩት ይህንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ወንድም ባሕር ዳር የሚኖር ሠዓሊ ነው። ሥዕል የተማረው በልጅነቱ ከቤተ ክህነት ሠዓሊ ሥር ሆኖ፣ ቀለም እየበጠበጠ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣና ዳር ያለ አንድ ማረፊያ (ስሙ ይቆየን) ሥራዎቹን በእንግዳ መቀበያውና በመመገቢያ አዳራሹ ልስቀልልህ አለው። አጎቴም ደስ ብሎት 11 ሥዕሎች ሰጠ። ውል አልነበረም፤ ዝርዝርም አልነበረም። ተጨባብጠው ቡና ጠጥተው ተለያዩ።

ሁለት ዓመት አለፈ፤ የማረፊያው ሥራ አስኪያጅም ተቀየረ። አጎቴ ሥራዎቹን ሊያይ ሲሄድ አምስቱ ደህና ናቸው። ሦስቱ ሻግተዋል። ሁለቱ ተሽጠዋል፤ ገንዘቡ ግን አልደረሰውም። አንዱ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም። ደህና ከተባሉት አንዱ ደግሞ ፎቶ ተነሥቶ የምግብ ዝርዝሩ ሽፋን ሆኗል፤ ስሙ ግን የለበትም። የጠፋው ሥዕል ሴት አያቴ ቡና ስትቆላ የሚያሳይ ነው። እኔ አያቴን በአካል አላየኋትም። ያ ሥዕል የሚታየኝ አጎቴ በስልክ በላከው በአንድ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ ነው።

ብሪክስተን ያለው ቤታችን ስልኩ ሲደወል እናቴ ወጥ እያማሰለች ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና «አንቺ ወረቀት ታውቂያለሽ፤ ምን እናድርግ በይው» አለችኝ። እኔም በንዴት «ጋሼ፣ ሁሉንም አውርደው ይውሰዱ! ከእንግዲህ ለማንም እንዳይሰጡ» አልኩት። አጎቴ ዝም አለ፤ ከዚያ «ልጄ፣ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያ ጀርባ ከሚቀመጥ ሰው ቢያየው አይሻልም?» አለኝ። ሌላ የገጠር እንግዳ ማረፊያ ስድስት ሥዕሎች ጠይቆት ነበርና መልስ እየጠበቀ ነው። ልስጥ ወይስ ይቅር? መልሱን ለማግኘት ማንበብ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው።

1. እንግዳ ማረፊያና ሥዕል፦ አዲስ ነገር አይደለም

በደቡብ ፈረንሳይ ሴን ፖል ደ ቫንስ በምትባል የተራራ መንደር ላ ኮሎም ዶር የሚባል ማረፊያ አለ። ፖል ሩ የተባለ ሰው ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ሠዓሊዎች እየመጡ ያርፉ ነበር፤ አንዳንዶቹም የምግብና የአልጋ ዋጋቸውን በሥዕል ይከፍሉ ነበር ይባላል። ዛሬ በዚያ ቤት የፒካሶን፣ የማቲስንና የሌዤን ሥራዎች እያዩ ምሳ መብላት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960 ግን ሌቦች ገብተው ብዙ ሥዕሎች ወስደው ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የገጠር ማረፊያ ከሠዓሊ ጋር በመወዳጀቱ ስሙ ዓለምን ሊያዳርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ጠባቂና ዝርዝር ይፈልጋል።

በአገራችንም የቤተ ክህነት ሠዓሊዎች ከዓድዋ ድል በኋላ ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ለውጭ እንግዶች የዓድዋን ጦርነትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ እየሣሉ ይሸጡ ነበር። ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ይገኛሉ፤ እዚሁ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየምም የዓድዋ ሥዕል አለ። በኛ ዘመን ደግሞ አዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ላይ ያለው ማኩሽ ምግብ ቤትም የሥዕል ጋለሪም ነው፤ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ የተሰቀለውን ሥዕል መግዛት ይቻላል። ሸራተን አዲስም «አርት ኦፍ ኢትዮጵያ» በሚል ስም የብዙ ሠዓሊዎችን ሥራ በአንድነት የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ያዘጋጅ ነበር። ስለዚህ የአጎቴ ሐሳብ ስሕተት አልነበረም። የጎደለው ሌላ ነው።

2. ስም

አጎቴን «ሥዕሎቹ ላይ ስምዎ አለ?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። የተማረበት ቤት ሠዓሊ ስሙን በጉልህ እንዲጽፍ አያበረታታም። በጣና ደሴቶች ብትሄዱ ይህንን ታያላችሁ። በደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ሥራውን ያሠራው ሰው ይታያል። የሣለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ለሠዓሊው ሥራው ጸሎት ነው፤ ዋጋውም ከላይ ነው።

ይህንን አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ «ጋሼ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የሣለውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። በሎጁ ማን ያውቅልዎታል?» ጥቂት አሰበና «እውነትሽን ነው፤ ሎጁ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለ።

ስም መጻፍ ኩራት አይደለም። እኛ በልምምድ ላይ ስንሆን ለታካሚ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት የእጅ አምባሩን አይተን ስሙንና የትውልድ ቀኑን እናረጋግጣለን። አምባር የሌለው ታካሚ ለስሕተት የተጋለጠ ነው። ስም የሌለው ሥዕልም እንደዚያው ነው፤ ማንም የማን እንደሆነ ስለማያውቅ ማንም አይጠይቅለትም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ ትንሽ ካርድ ይደረግ፦ የሠዓሊው ሙሉ ስም፣ የሥዕሉ ርእስ፣ የተሣለበት ዓመት፣ የተሠራበት ነገር (የዘይት ቀለም በሸራ፣ ቀለም በብራና ወዘተ)፣ የሚሸጥ ከሆነም ዋጋው። በሥዕሉ ጀርባም ይኸው በእርሳስ ይጻፍ፤ ካርድ ይወድቃል፣ ጀርባ ግን አብሮ ይሄዳል።

የብሪክስተን ልጆች ምሳሌው ሩቅ አይሆንባችሁም። ከባቡር ጣቢያችን መግቢያ በላይ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ትልልቅ ሥዕሎች ይሰቀላሉ፤ አንዱ ወርዶ ሌላው ይተካል። ሐሳቡ የመነጨው በ1980ዎቹ በሰፈራችን ግድግዳዎች ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተሰቀለው ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ጣሊያን የሚኖረው የጄም ፔሩኪኒ ሥራ ነበር። ዮርክ ከተማ አፅሟ የተገኘውን፣ በሮማውያን ዘመን የኖረችውንና የአፍሪካ ዘር እንዳላት የሚታመነውን ባለጸጋ ሴት መነሻ ያደረገ ነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ በዚያ በር ሥር እያለፈች «ይሄ የኛ ልጅ ነው» ትል ነበር። ይህን ልትል የቻለችው ስሙ ስለተነገረ ነው። ሥዕሉ መቼ እንደሚሰቀልና መቼ እንደሚወርድም አስቀድሞ የታሰበበት ነበር። አጎቴ ጋ የጠፋው ይኸው ነው፤ ስምና ጊዜ።

3. ውል፦ ርክክብ ማለት ነው

በመጀመሪያ የማረፊያው ሰዎች ሌቦች ናቸው ብዬ አምኜ ነበር። ነገሩን ሳጣራ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ሥዕሎቹን የተቀበለው ሥራ አስኪያጅ ሲለቅ ለተተካው ሰው የነገረው ነገር የለም። አዲሱ ሥዕሎቹ የቤቱ ንብረት ናቸው ብሎ አሰበ። እንግዳ ሲጠይቀው ሸጠ፤ ገንዘቡንም ወደ ቤቱ ገቢ አስገባ።

ይህ በኛ ሙያ ትልቁ ፍርሃት ነው። የሌሊቱ ነርስ ለቀኑ ነርስ በትክክል ካላስረከበ ታካሚው መሐል ላይ ይጠፋል። ማንም ክፉ ሳይሆን ጉዳት ይደርሳል። መምህሮቻችን ሁልጊዜ የሚሉን አንድ ነገር አለ፤ ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ስለዚህ ሥዕል ማስረከብ በወረቀት ይሁን። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት ይገባል። ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። እኔ ለአጎቴ ያዘጋጀሁት እነዚህን ይዟል፦

ሀ. ዝርዝር። እያንዳንዱ ሥዕል በተራ ቁጥር፣ በርእስ፣ በመጠን በሴንቲሜትር፣ በዋጋ፣ ሲሰጥ በነበረበት ሁኔታና በፎቶግራፍ።

ለ. ባለቤትነት። ሥዕሉ እስኪሸጥ ድረስ የሠዓሊው ንብረት ነው። ማረፊያው ቢሸጥ ወይም ሥራ አስኪያጁ ቢቀየርም ይኸው ይጸናል።

ሐ. ጊዜ። የሚሰቀልበትና የሚወርድበት ቀን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ወር ይበቃል፤ ከተስማሙ ይታደሳል።

መ. ሽያጭ። ማረፊያው የሚወስደው ድርሻ ስንት ነው? ለንደን ያሉ ጋለሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይወስዳሉ። ጋለሪ ግን ገዢ ይፈልጋል፣ ያስተዋውቃል፣ የመክፈቻ ዝግጅት ያደርጋል። ግድግዳውን ብቻ የሚሰጥ ማረፊያ ከዚያ ያነሰ ቢወስድ ተገቢ ነው። የሠዓሊው ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚከፈልም ይጻፍ።

ሠ. ጉዳት። ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ኃላፊው ማነው? በምን ዋጋ? ዋጋው በዝርዝሩ ላይ ከሌለ በኋላ መከራከር ብቻ ነው።

ረ. ፎቶ። ሥዕሉን መግዛት ወይም መስቀል ሥዕሉን የማባዛት መብት አይሰጥም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊ የሥራው አመንጪ ሆኖ በስሙ የመታወቅና ሥራውን የማባዛት መብት አለው። የምግብ ዝርዝር ሽፋን፣ ፖስትካርድ፣ ማስታወቂያ፤ ሁሉም ፈቃድ ይፈልጋሉ።

ሰ. ተጠሪ። በማረፊያው በኩል ማን ነው የሚከታተለው? ያ ሰው ሲለቅ ዝርዝሩን ለተተኪው በፊርማ ያስረክባል።

ሥዕል በአልጋና በምግብ የሚለወጥ ከሆነም ክፋት የለውም። ግን በሁለቱም በኩል ዋጋው ይጻፍ፤ ይህ ሥዕል ይህን ያህል ብር፣ ይህ አልጋ ይህን ያህል ብር ተብሎ። ካለበለዚያ «ምሳ አብልቼዋለሁ» የሚባል ሒሳብ ይመጣል።

4. ቦታው

እዚህ ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ አጎቴ ለእናቴ ሠርግ የላከው ሥዕል ተሰቅሏል። ነጭ የነበረው የመላእክቱ ልብስ ቢጫ ሆኗል። እናቴ «አርጅቶ ነው» ትላለች። ያረጀው ግን በሃያ ዓመት የቁሌት እንፋሎት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፣ ከምድጃ፣ ከእሳት ማሞቂያና ከመታጠቢያ ቤት ማራቅ ነው።

ብርሃን፦ ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ ለዘይት ቀለም ወደ 200 ሉክስ፣ ለውሃ ቀለምና በወረቀት ላይ ለተሠራ ሥራ ደግሞ ወደ 50 ሉክስ ይፈቅዳሉ። ቀጥታ የፀሐይ ብርሃን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሉክስ አለው። ሐይቁን የሚያሳይ ትልቅ መስኮት ያለው አዳራሽ ለእንግዳ ጥሩ ነው፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ለተሰቀለ ሥዕል ግን ሞት ነው። በጎን ግድግዳ ይሁን።

እርጥበት፦ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ65 በመቶ ካለፈና ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል። ጣና ዳር በክረምት ይህ ቀላል አይደለም። የአጎቴ ሦስቱ ሥዕሎች የሻገቱት ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ስለነበር ነው። መፍትሔው በውስጥ ግድግዳ መስቀልና ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱ ማዕዘን ቁራጭ ቡሽ በማድረግ አየር እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ብራና ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይቸገራል፤ ቆዳ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል።

ሻጋታ ከታየ እንደ ተላላፊ በሽታ ቁጠሩት። መጀመሪያ ማግለል፤ ሥዕሉን ከሌሎቹ ለይቶ ደረቅና አየር የሚገባበት፣ ፀሐይ የማይመታው ቦታ ማኖር። ጭምብልና ጓንት ማድረግ። በእርጥብ ጨርቅ አለመፈግፈግ፤ ሻጋታውን ወደ ቀለሙ ያስገባዋል። ከዚያ ባለሙያ ማማከር ነው።

ከፍታ፦ የሥዕሉ መሐል ከወለሉ ከ145 እስከ 155 ሴንቲሜትር ቢሆን ለቆመ ሰው ይመቻል። ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ዝቅ ይበል። የሆስፒታል ልምምድ ላይ ከማልረሳው ትምህርት አንዱ ታካሚው በሚቀመጥበት ወንበር ተቀምጦ ክፍሉን ማየት ነው። ሎጅም እንዲሁ ነው፤ አልጋው ላይ ጋደም በሉና ምን ይታያችኋል? ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ከራስጌ ተሰቅሎ እንግዳው አያየውም። ከግርጌ በኩል ቢሆን ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ያየዋል።

5. እንግዳውስ ምን ያገኛል?

እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በአንድ የፔንሲልቬንያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ታካሚዎችን መዝገብ አነጻጽሮ አሳተመ። ግማሾቹ ከመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸዋል፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የታያቸው ትንሽ ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የሚናገረውም ስለ መስኮት እንጂ ስለ ሥዕል አይደለም። ሆኖም ሰው የሚያርፍበት ክፍል ውስጥ የሚያየው ነገር ቁም ነገር መሆኑን ብዙዎችን አሳስቧል። በዚህ አገር ከ1959 ጀምሮ ለሆስፒታሎች ሥዕል የሚያውስ ድርጅትም አለ።

ሎጅ ሆስፒታል አይደለም፤ ግን እንግዳው ሁለት ሦስት ቀን አንድ ሥዕል እያየ ይውላል። ጋለሪ ውስጥ ግን በአንድ ሥዕል ፊት ብዙም አንቆምም። ለዚህ ነው ሎጅ ለሠዓሊ መልካም ዕድል የሚሆነው። እንግዳው በአውሮፕላን እንደሚሄድ ግን አትርሱ። ከፍሬሙ ወጥቶ የሚጠቀለል ሸራ ወይም ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሥራ ቶሎ ይሸጣል። የቆየ የሚመስል ሥዕል ይዞ ሲወጣ አየር ማረፊያ ላይ ቅርስ ነው ወይ ተብሎ ሊጠየቅም ይችላል። የሠዓሊው ስም፣ የተሣለበት ዓመትና ዋጋ ያለበት ደረሰኝ ከሽያጩ ጋር ይሰጠው።

6. ወደ አጎቴ ልመለስ

«ሁሉንም ያውርዱ» ያልኩት ስሕተት ነበር። በንዴት የተሰጠ ምክር ነበርና ሥዕሎቹን ወደ ጨለማ ይመልሳቸው ነበር። ሁለተኛ ስደውል «ይስጡ፤ ግን በወረቀት» አልኩት። ውሉን በአማርኛ ጻፍኩለት። ፊደሌን እናቴ አረመችው፤ «ሠዓሊ»ን በእሳቱ «ሰ» ጽፌ ነበርና ተሣቅቆብኛል። አዲሱ ማረፊያ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ «አናምንዎትም እንዴ?» አሉት። አጎቴም «ማመኔን ነው የምጽፈው» ብሎ መለሰላቸው። ሁለት ምስክር ተቀምጦ ተፈረመ። ስድስቱ ሥዕሎች ዛሬ በውስጥ ግድግዳ፣ ቡሽ ተደርጎላቸው፣ ስማቸውን ይዘው ተሰቅለዋል። አንዱ ተሽጧል፤ ገንዘቡም በተባለው ጊዜ ደርሷል።

ከመጀመሪያው ማረፊያ ጋርም ተነጋግረዋል። ከሽማግሌዎች ጋር ሄዶ ለተሸጡት ሁለቱ ክፍያ ተስማምተዋል፤ የምግብ ዝርዝሩ ላይም በሚቀጥለው ኅትመት ስሙ ይገባል ብለዋል። ያኔ ያልነበረውን ዝርዝር አሁን በትዝታ አብረን ሠርተነዋል። ከ11ዱ አሥሩ መስመሮች ተሟልተዋል። ተራ ቁጥር 7 «እናቴ ቡና ስትቆላ፣ የዘይት ቀለም በሸራ፣ 60 በ80» ይላል፤ «ያለበት ሁኔታ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። አጎቴ እንደገና ልሣላት ይላል፤ እናቴ ደግሞ መጀመሪያ የተሣለችው ትፈለግ ትላለች። እኔ መስመሩን አልሰረዝኩትም።

ውድ አንባቢዎች፣ ብዙዎቻችን አገር ቤት የሚሥል፣ የሚሸምን ወይም ሸክላ የሚሠራ ዘመድ አለን። በዚህ ክረምት ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሥራዎ የት የት ነው ያለው? ዝርዝር አለዎት?» ከሌለ እናንተ እየጠየቃችሁ፣ እነርሱ እየነገሯችሁ ጻፉት። አንድ ምሽት አይፈጅም። የአንድ ገጹን ውል ናሙና የሚፈልግ ካለ በማኅበራችን በኩል ይጠይቀኝ፤ በደስታ አካፍላለሁ።